ሳያዩ «ድኗል» የማይጽፉት ሲስተር ተናኘወርቅ ባንተአምላክ

ሲስተር ተናኘወርቅ ባንተአምላክ ከአባታቸው ከአቶ ባንተአምላክ ወልደ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበባ ይበልጣል፣ በቀድሞው አርሲ ጠቅላይ ግዛት፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በቆጂ ከተማ ሚያዝያ 19 ቀን 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑ እናታቸው የተናገሩት ነው። በጡረታ ፋይላቸው ላይ የሰፈረው ሌላ ቀን ሲሆን፣ ሁለቱን ለማስታረቅ ሲስተር ሦስት ቢሮ ተመላልሰው ስላልተሳካላቸው ቤተሰቡ ከፋይሉ ይልቅ እናትን አምኗል።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ሟች ሁሉ ታጋሽ ነው። የዚህም ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ሲስተር ተናኘወርቅን «ታጋሽና ረጋ ያሉ» ይላቸው ነበር። ሲስተር በሠሩበት ጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ ሆነው ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረዋቸው የኖሩት ወይዘሮ አስያ ረቂቁ ሲነበብ ሰምተው፣ «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው? የሞቱት ሲስተር አይደሉም እንዴ?» ስላሉ ቃሉ ወጥቷል። እውነቱ ሲነገር ሲስተር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲበሳጩ የኖሩ ሰው ናቸው። የተበሳጩትም በኑሮ ወይም በጎረቤት አልነበረም። በአንዲት ቃል ነው። ቃሏም «ዳነ» ናት።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በቆጂ፣ ሁለተኛ ደረጃን አሰላ ተከታትለዋል። በቆጂ ተወልዶ የማይሮጥ ልጅ ዘመድ ያሳፍራል። ሲስተርም በተማሪነታቸው አንድ ዙር እንኳ ሮጠው ስለማያውቁ አባታቸው «ይህቺን ልጅ ከቆላው ከዴራ ነው ያመጣናት» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሩጫው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ እሱም መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ፍለጋ። አቶ ባንተአምላክ የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ ለልጃቸው ያወረሱት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው በመዝገብ ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፣ አይደለዝም የሚል ሕግ ነው። ከሥሩ ያለው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አጠገቡም የሰረዘው ሰው ይፈርማል። አድማጮች ይህንን ሕግ ይያዙልን፤ በኋላ ያስፈልገናል።

በ1971 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው ዴራ ተመደቡ። እዚያም ከመምህር እዮኤል ጋር ተዋውቀው በ1975 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ በ1978 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። መምህር እዮኤል ለልጃቸው የእናታቸውን ስም ሊያወጡ አስበው ነበር። ሲስተር ግን ወንጌሉን ገልጠው አሳዩዋቸው። ከክርስቶስ እጅ ተፈውሰው ወደ ቤታቸው ከመሄድ ይልቅ ከኋላው የተከተሉ፣ ከገንዘባቸውም አውጥተው እሱንና ደቀ መዛሙርቱን የመገቡ ሴቶች ነበሩ፤ መቅደላዊት ማርያም ከፊት ናት። «አሥራ ሁለቱ እራት ከየት እንደሚመጣ ጠይቀው ያውቃሉ?» አሏቸው። መምህር እዮኤል በማስተማር ብዛት የማያዛልቅ ክርክርን ከሩቁ የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ ልጅቱ መቅደላዊት ተባለች።

በ1979 ዓ.ም. ወደ አሰላ ተዛወሩ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ክኒኑን በባለሙያ ዓይን ፊት የሚውጥበት አሠራር ሲመጣ የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። ሕክምናው በዚያን ጊዜ ስምንት ወር ይፈጃል። ታካሚው ይመጣል፣ ይውጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ምላሱን አንስቶ ያሳያል፣ ይሄዳል። ለሁሉም አንድ ትልቅ መዝገብ አለ፤ የመጨረሻው ዓምድ «ውጤት» ይላል። እዚያ ዓምድ ውስጥ የሚገቡት ቃላት ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም፤ ድኗል፣ ጨርሷል፣ አቋርጧል፣ ሞቷል፣ ተዛውሯል። «ድኗል» የሚባለው አክታው በመጨረሻ ተመርምሮ ንጹሕ የሆነ ሰው ብቻ ነው። «ተዛውሯል» የሚባለው ወደ ሌላ ከተማ የሄደ ነው። እሱን የተቀበለው ጣቢያ «ደርሷል» የሚል ወረቀት መላክ ሲኖርበት አይልክም። «ከአሥር አንድ ወረቀት ከተመለሰልኝ ዓመቱ መልካም ነው» ይሉ ነበር።

ችግሩ መዝገቡ ሳይሆን ቋንቋው ነው። በአማርኛ ከአልጋው የተነሣም፣ ነፍሱ ከፍርድ ያመለጠችለትም፣ ሁለቱም ዳኑ ነው የሚባሉት። ወደ ኦሮምኛ ቢሸሹም መጠጊያ የለም፤ «ፈይዬራ» ያለ ሰው ሳንባው ይሁን ነፍሱ ተለይቶ አይታወቅም። በዚህ ምክንያት በሦስተኛው በአራተኛው ወር፣ ሳል ጋብ፣ ሰውነት ሞላ ሲል፣ ታካሚው ከጸበል ወይም ከጸሎት ጉባኤ ይመለስና በሩ ላይ ቆሞ «ሲስተር፣ ድኛለሁ» ይላል። ሲስተርም «ከምኑ?» ይላሉ። ሰውየው ይቀየማል። ሲስተር ራሳቸው ጾም የማይሽሩ፣ ከቅዳሴ የማይቀሩ ሰው ስለነበሩ «መናፍቅ» ሊላቸው የቃጣው ሁሉ አፉን ይዞ ይመለሳል። ጸበል ለሚጠጡት «በእሱ ክኒኑን አወራርዱት» ይላሉ። ወይዘሮ አስያም ከመጥረጊያቸው ቀና ብለው፣ «ነቢዩ ዒሳ ዕውርና ለምጻም እንዳዳኑ እኛም እናውቃለን፤ ክኒን ጣሉ ሲሉ ግን አልሰማንም» እያሉ ያግዟቸው ነበር።

ሲስተር የዚህችን ቃል መጨረሻ ለማየት ወደ ወንጌል ገቡ። አነባበባቸው የሰንበት ትምህርት ቤት አነባበብ አልነበረም። አንድ ባዶ የሕሙማን መዝገብ ወስደው (ንብረት ክፍሉ ይቅር ይበላቸው) ጌታችን የፈወሳቸውን ሁሉ እንደ ታካሚ ከነሕመማቸው፣ ከነቆይታቸው መዘገቧቸው። ብስጭቱ የጀመረው ገና ከመጀመሪያው ዓምድ ነው። ስም የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት፣ ስም የላትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት መጠመቂያው አጠገብ የተኛው ሰው፣ ስም የለውም። ለምጻሞቹ አሥር ሰው በጅምላ። «ይህን ሁሉ ሰው ነገ ማን ብዬ ነው የምፈልገው?» የሚል ጽሑፍ በኅዳጉ ላይ አለ። በመጨረሻ በርጤሜዎስ የሚባለው ዓይነ ስውር ዘንድ ሲደርሱ ከነአባቱ ስም ተጽፎ አገኙት፤ ሁለት ጊዜ አስምረውበት «እንዲህ ነው መመዝገብ» ብለዋል።

የጴጥሮስ አማት ትኩሳቱ እንደለቀቃት ተነሥታ ማስተናገዷን ሲያነቡ፣ «አንድ ቀን እረፍት የሚሰጣት ጠፋ?» ብለው ጽፈዋል። ደም የሚፈስሳትን ሴት ብዙ ሐኪሞች አንገላተው ከማሻል ይልቅ እንዳባባሱባት ማርቆስ በግልጽ ሲናገር፣ ሉቃስ ግን እሱም ሐኪም ነውና ለሙያ ጓደኞቹ አዝኖ ነገሩን ለዘብ አድርጎታል። ሲስተር ከአጠገቡ «ሉቃስ፣ አይተንሃል» ብለውበታል። ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሁለት ሆነው ዘይት ይዘው ሲላኩ ደስ ተሰኝተዋል። ወዲያው የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ማዳን ሲያቅታቸውና ብዙም ሳይቆይ በመንገድ ላይ ማን ይበልጣል እያሉ ሲከራከሩ ግን፣ «ልክ እንደ እኛ ግምገማ» የሚል አስተያየት አስፍረዋል። የምኩራብ ሹሙ የኢያኢሮስ ልጅ ከሞት ተነሥታ ክርስቶስ በመጀመሪያ ያዘዘው የምትበላው እንዲሰጧት መሆኑን ሲያነቡ ብቻ ነው ብስጭታቸው ለአንድ ገጽ የቆመው።

በመዝገቡ ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፉ ሦስት ቦታዎች አሉ። አንዱ ጣራ ቀድደው ሽባውን ያወረዱት አራት ሰዎች ናቸው። ክርስቶስ የፈወሰው የእነሱን እምነት አይቶ እንጂ የተኛውን ሰው እምነት ብቻ አለመሆኑን ሲስተር ካስተዋሉ በኋላ «አራት ባይሆን አንድ ተሸካሚ ይዘህ ና» ሳይሉ ታካሚ መመዝገብ ትተዋል። (ከሥሩ ግን በተራ ቀለም «ጣራውን ማን ጠገነው? አልተጻፈም» ይላል።) ሁለተኛው የቤተ ሳይዳው ዓይነ ስውር ነው። ክርስቶስ አንድ ጊዜ ከዳሰሰው በኋላ ምን እንደሚያይ ጠየቀው፤ ሰውየውም ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲሄዱ እንደሚያይ ተናገረ፤ ስለዚህ ደግሞ ዳሰሰው። «ጠይቋል። ደግሟል። እሱ እንኳ» ይላል ጽሑፉ። ሦስተኛው ለምጻሙ ነው። ከነጻ በኋላ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ ታዘዘ። በአሰላ ሲስተርን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህንን ሦስተኛውን በቃሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ወንድማቸው ወደ አቶ ነህምያ ባንተአምላክ እንመጣለን። (አንባቢው ውሃ ቢጠጡ ይፈቀድላቸዋል።)

አቶ ነህምያ ከሲስተር በሰባት ዓመት የሚያንሱ፣ በአሰላ የአዳማ መውጫ ላይ ጎሚስታ የነበሩ፣ በወጣትነታቸውም ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የገቡ ናቸው። በሐምሌ 1992 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባቸውና በእህታቸው መዝገብ ላይ ተመዘገቡ። አራት ወር ክኒናቸውን ሳያዛንፉ ዋጡ። በኅዳር ወር ሮቤ ለጉባኤ ሄደው ሲመለሱ፣ ሰኞ ጠዋት ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ሳለ፣ ከሰልፉ በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እትዬ፣ ድኛለሁ» አሉ።

በዚያች ጠዋት ሲስተር «ከምኑ?» አላሉም። ወንድማቸው ፊቱ ሞልቶ፣ ልብሱ ልክ ሆኖለት፣ እየሳቀ ቆሟል። አራት ወር ሙሉ ሌሊት የሰሙት ሳል የለም። የአክታ ወረቀት ሳይጠይቁ መዝገቡን ገልጠው በአባታቸው የእጅ ጽሑፍ «ድኗል» ብለው ጻፉ። ለሺዎች ያልተሳሳተ እጅ ለአንድ ሰው ተሳሳተ። ሲስተር ይህንን ለማንም ሰውረው አያውቁም። በየሥልጠናው ላይ ገና ከመግቢያው «ሳያይ ድኗል ብሎ የጻፈ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ» ብለው ነበር የሚጀምሩት።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ወይዘሮ አስያ ከመናኸሪያ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው፣ «ሲስተር፣ ያ ድኗል ያሉት ሰውዬዎ የሮቤ ሚኒባስ ውስጥ ያስላል። መሐረቡን ወዲያው ደበቀው፤ እኔ ግን አየሁት» አሉ። ሲስተር መዝገቡን አወጡ። ቃሉን በአንድ ቀይ መስመር ሰርዘው ከአጠገቡ «ተባለ እንጂ አልታየም» ብለው ፈረሙ። ቅዳሜ ሮቤ ነበሩ።

አቶ ነህምያ ሮቤ በአንድ ወዳጃቸው ጎሚስታ ቤት ሥራ ይዘው ነበር። ሦስት ቅዳሜ በሚኒባስ፣ ከዚያም በጋሪ የሄዱት እህታቸው ሦስቴም ክኒናቸውን እንደያዙ ተመለሱ። «ጌታ የጨረሰውን እኔ ልጨምርበት?» ነበር መልሱ። በአራተኛው ቅዳሜ ሲስተር ሲደርሱ ወንድማቸው የለጠፉትን የውስጥ ጎማ ሳፋ ውሃ ውስጥ እየነከሩ አገኟቸው። ቁጭ ብለው አዩአቸው።

«ይህን ጎማ ለጥፈኸዋል?»

«ለጥፌዋለሁ።»

«ታዲያ ለሰውዬው ስጠው። ምን ውሃ ያስነክርሃል?»

«አረፋ ያወጣ እንደሆነ ላይ ነዋ፣ እትዬ።»

«ማስቲሹን አታምነውም?»

«ማስቲሹንማ አምነዋለሁ። የማላምነው እጄን ነው።»

«እኔም ክርስቶስን አምነዋለሁ» አሉ ሲስተር። «የማላምነው ያንተን ደረት ነው። ያን ለምጻም ካነጻው በኋላ ምን አለው? ሂድ ታይ አለው።»

«ለካህን ነው ያለው። ለነርስ አላለም።»

«በዚያ ዘመን ለምጽ መልቀቁን አይቶ የሚመሰክር ካህኑ ነበር። በአርሲ ፈራሚዋ እኔ ነኝ።»

አቶ ነህምያ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል፣ ሳሉ ወደ ደም ተለወጠና ክርክሩ በዚያው አበቃ። አክታቸው ሲመረመር ላቦራቶሪው በወረቀቱ ላይ ሦስት የመደመር ምልክት አድርጎ መለሰው፤ ከባድ ነው ማለት ነው። አቶ ነህምያ ወረቀቱን አይተው፣ «ሦስት መስቀል። ይኸው፣ ቀራንዮ ነው፤ መዳን ያለው እዚያ ነው» አሉ። እህታቸውም፣ «የመሐሉን ተወው፤ በግራና በቀኝ ያሉት ናቸው አንተን የሚመለከቱህ» ብለው መርፌውን አዘጋጁ። ከዚያ በኋላ ነህምያ ባንተአምላክ ስምንት ወር ክኒን ውጠው፣ አክታቸው ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ፣ በዚያው መዝገብ «ድኗል» ተብለው ተፈርሞላቸዋል። ያ ዓረፍተ ነገር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ስለሆነ አንባቢው ቢደግሙት አይከፋም።

የሚበልጥበት ምክንያት ይህ ነው። አቶ ነህምያ ከዳኑ በኋላ ጎበዝ መስካሪ ሆኑ። በሮቤ፣ በበቆጂ፣ በአሰላ በየጉባኤው እየተጠሩ ከሞት አፋፍ እንዴት እንደተመለሱ ለሃያ አምስት ዓመት መሰከሩ። ሳሉ አለ፣ ደሙ አለ፣ የሮቤው ጉባኤ አለ፣ ፈውሱ አለ። ክኒኑ የለም። ሲስተር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲጨምሩ ለመኗቸው። ሃይማኖትህን ተው አላሉም፤ ጌታ አላዳነህም አላሉም። «አሥር ቃል አይሞላም፣ ነህሜ። መጨረሻ ላይ ጣል አድርጋት» አሏቸው። አቶ ነህምያም አንዴ «ምስክርነቱ ይረዝማል»፣ አንዴ «ሽማግሌዎቹ እምነት ያደክማል ይላሉ»፣ አንዴም «ዛሬ ልላት ነበር፣ መዝሙር ገባ» አሉ። በፋሲካ ይጠየቃሉ፣ በገና ይጠየቃሉ። ቤተሰቡ በሲስተር ቤት ዶሮ ወጥ የበላው ሁልጊዜ በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ከበቆጂ በላይ የሚኖር አንድ የገብስ ገበሬ ምስክርነቱን ሰምቶ በአምስተኛው ወር ክኒኑን ተወ። ሲስተር ስድስት ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄዱ፤ አባታቸው ያላዩት ሩጫ ይህ ነበር። ገበሬው «የእርስዎ ወንድም እኮ ያለ ክኒን ነው የዳነው፤ ከአፉ ሰምቼዋለሁ» ብሎ መለሳቸው። በተከታዩ ዓመት ሞተ። ሲስተር ለወንድማቸው ይህንን ሲነግሩ አቶ ነህምያ አለቀሱ፤ ሁለት ወርም አልመሰከሩም። በሦስተኛው ወር መሰከሩ። ክኒኑ አሁንም አልነበረም።

መምህር እዮኤል በ2006 ዓ.ም. አረፉ። ሲስተር በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሸለሟቸው። በሽኝቱም ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ሲጠየቁ ስለ አሥሩ ለምጻሞች ተናገሩ። «አሥር ነጹ፣ አንድ ተመልሶ አመሰገነ። ሰባኪ ሁሉ ስለ አንዱ ያወራል። እኔ ሠላሳ ዓመት ያሰብኩት ስለ ዘጠኙ ነው። የት ደረሱ? ማን ሄዶ ጠየቃቸው?» ብለው ተቀመጡ። ጭብጨባው ዘግየት ብሎ ነው የመጣው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ድካም ያዛቸው። በዚህ ጊዜ ነው በቤተሰቡ ውስጥ ነገር የተገለበጠው። አቶ ነህምያ ሱቃቸውን ዘግተው በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እህታቸው ቤት ይመጣሉ፤ ክኒኑን ቆጥረው ያቀርባሉ፤ ቆመው ያያሉ። ሲስተርም የሙያውን ተንኮል ሁሉ የሚያውቁ ሰው በመሆናቸው ሽንት የሚያበዛባቸውን ክኒን በምላሳቸው ሥር ሊደብቁ ይሞክሩ ነበር። «እትዬ፣ ምላስሽን አንሺ» ይሏቸዋል ወንድማቸው። «ውጫለሁ አልኩህ።» «ተባለ እንጂ አልታየም» ይሉና ይጠብቃሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጠዋት አልቀሩም። ሲስተር ለመቅደላዊት «ተሸካሚ አገኘሁ» ብለው የነገሯት በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያም «ዓረፍተ ነገሯን ግን አሁንም አላላትም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ባለፈው ታኅሣሥ ለወንድማቸው ልጅ፣ ማለትም ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ሁለት ትእዛዝ ሰጡ። «የሕይወት ታሪኬን ነህምያ ያንብብ፤ ዓረፍተ ነገሯ ውስጡ ትግባ» አሉ። ሃሳቡ ግልጽ ነበር። በቀብር ላይ የተሰጠውን ወረቀት አቋርጦ ከመቆሚያው የወረደ ሰው በአሰላ ታይቶ አይታወቅም። አንዳንድ የዘመድ ሽማግሌዎች ግን ጴንጤ በደብሩ ዐውደ ምሕረት ቆሞ ማንበቡን አልወደዱትም፤ ሌሎች ደግሞ ሰውን በእህቱ አስከሬን ፊት ማጥመድ ነውር ነው አሉ። በመጀመሪያው አልተስማማንም። ሁለተኛው ልክ ስለነበረ ረቂቁ ትናንት ከሰዓት በኋላ ለአቶ ነህምያ ተሰጣቸው፤ ካልፈለጉ እንደማያነቡም ተነገራቸው።

አቶ ነህምያ ወረቀቱን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ሁለት ሰዓት ቆይተው ወጡ። ራሳቸውን የሚያሳፍረውን ነገር አላስወጡም። ሁለት እርማት ብቻ አድርገዋል፤ ሁለቱንም ከሥሩ ያለው እንዲነበብ በአንድ መስመር ሰርዘው፣ አጠገቡ ፈርመው። ማተሚያ ቤቱ መስመሩን ማውጣት ስላልቻለ ከላይ ያለው በረቂቁ እንዳለ ቀርቷል፤ እርማቱ ግን እነሆ። «ስምንት ወር» የሚለውን ሰርዘው «አሥራ ሁለት ወር። የመጀመሪያው አራት ወርም ክኒን ነው፤ ያባከንኩት እኔ ነኝ» ብለዋል። «አንድ የገብስ ገበሬ» የሚለውን ሰርዘው ደግሞ «ስም አለው። አብዲሳ ይባላል። ከእኔ አፍ ሰምቶ ነው ክኒኑን የተወው። እትዬ ስም የሌለው መዝገብ አትወድም» ብለው ጽፈዋል። ስለዚህ አሁን የሚያነቡልን ተገደው አይደለም። ሃያ አምስት ዓመት ዘግይተዋል፤ እህታቸው ይህንን ሳይሰሙ ሄደዋል፤ ይህ ቤተሰቡን ያበሳጫል፣ ወደፊትም ያበሳጫል። ቢሆንም ከአሥሩ አንዱ ተመልሷል።

ሲስተር ተናኘወርቅ ባንተአምላክ በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ የጠዋት ክኒናቸውን ሳይወስዱ፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ልጃቸው መቅደላዊት እዮኤል፣ የልጅ ልጃቸው ሃኒ፣ ወንድማቸው ነህምያ ባንተአምላክ፣ ከሥጋ እህት የማይተናነሱት ወይዘሮ አስያ፣ በዚህ አካባቢ ሳያስሉ የሚተነፍሱ ስማቸው የተመዘገበ ብዙ ሰዎች በሐዘን ላይ ናቸው። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሙ፣ ላገዙና ለቀብራቸው ለደከሙ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

መዝገባቸው እንዴት እንደሚዘጋም ተናግረዋል። «ሞታለች ብላችሁ እንዳትዘጉኝ። ጣቢያ ልቀይር ነውና ተዛውራለች በሉ። ወረቀቱ ሳይመጣላችሁ ግን ደርሳለች ብላችሁ እንዳትጽፉ» ብለዋል። በዚህ ምክንያት በእንዲህ ያለ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ እንደሚደረገው ሲስተር በቅዱሳን አጠገብ ተቀምጠዋል ለማለት አልደፈርንም፤ አላየንምና። የምናውቀውን እንጽፋለን። ሲስተር ተናኘወርቅ ተዛውረዋል። ዕውሩን ሁለት ጊዜ የዳሰሰ፣ ለልጅቱ የምትበላውን ያሰበ ጌታ ነፍሳቸውን ከነአባታቸው ስም መዝግቦ ይቀበልልን። እኛ ወረቀቱን እንጠብቃለን።